መጥረጊያ ያልደረሰበት ጓሮ

ምሥራቅ ጎጃም፣ ዲማ ውስጥ ሥራ ፈት ተክል የለም። በየጓሮው የበቀለው ሁሉ የሚጠበቅበትን ያውቃል፤ ጌሾው ለጠላ፣ ጤና አዳሙ ለቡና፣ በሶብላው ለበርበሬ፣ ጠጅ ሳሩና አሪቲው ለበዓል ጉዝጓዝ፣ ዱባው ለጾም ወጥ፣ ቅሉ ለወተት ዕቃ። ባሕር ዛፉ እንኳ ገና ከሰው ቁመት ሳያልፍ «ይኼ ለማገር፣ ያኛው ለምሰሶ» ተብሎ ተመድቧል። ከእነዚህ መካከል ለመታየት ብቻ የበቀለ ነገር ከተገኘ፣ ጎረቤት አጥሩን ተደግፎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል?» መልስ ያጣ ተክል ዕድሜው እስከሚቀጥለው አረም ድረስ ነው።

ጥያቄው ክፉ ጥያቄ አይደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ የጠየቁት ከዚህ የራቀ አልነበረም። በዚያ ጥያቄ የተነሣ ቢልሃርዝያ የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ከገዛ አጥራችን ሥር ተገኘ፤ እንዶድም ከልብስ ማጠቢያነት ወደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተሻገረ። ችግር የሚመጣው ይኸው ጥያቄ ለአበባ ሲቀርብ ነው። አበባ ለፈተና ተዘጋጅቶ አይመጣም።

ከጓሮዬ አንዱን ጥግ፣ ብሳናው ጥላ የሚጥልበትን፣ ለጫካ አበባ የሰጠሁት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። የጫካ አበባ ስል ከችግኝ ጣቢያ በጥቁር ላስቲክ ተገዝቶ በረንዳ ላይ በዘይት ጣሳ የሚተከለውን ማለቴ አይደለም። አደይ አበባንም ማለቴ አይደለም፤ አደይ ፀሐይ ወዳድ ናት፣ ሜዳውና የማሳው ዳር ይበቃታል፣ አትክልተኛም አትጠብቅም። «አበባ ካማረህ መስከረምን ጠብቅ» ያለኝ ጎረቤት በዚህ በኩል ልክ ነው። እኔን የያዘኝ የጥላው ወገን ነው፤ ከወይራና ከብሳና ሥር፣ ቅጠል በቅጠል ላይ በወደቀበት ርጥብ አፈር፣ ማንም ሳይተክላቸው ክረምት ሲገባ ብቅ የሚሉት። እንሶስላ፣ የጅብ ሽንኩርት፣ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው ጠምበለል፣ የጫካ ዳር የሚስማማቸው ቀጋና ኮሾሽላ።

ታዲያ ይህ ጫካ የት አለ? የምሥራቅ ጎጃምን አምባ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ያየ ሰው የሚያገኘው የጤፍ ማሳ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ እንደገና የጤፍ ማሳ ነው። መሀል መሀሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ነገር ከታየ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ«እመጓ» የምናውቀው ዓለማየሁ ዋሴ ልብ ወለድ ከመጻፉ በፊት የደን ምሁር ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱም በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበር። በደቡብ ጎንደር ሃያ ስምንት አብያተ ክርስቲያናትን ዞሮ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግቧል። ቁጥሩ የዛፉ፣ የቁጥቋጦውና የሐረጉ ብቻ ነው። እኔ የምፈልጋቸው ለስላሳ ግንድ ያላቸው አበቦች በዚህ ቆጠራ አልገቡም። ከዛፍ ሥር ለሚኖር ፍጥረት ይህ አዲስ ዕጣ አይደለም።

እንግዲህ አበባው ያለው በታቦቱ ግቢ ነው። የታቦት ዛፍ አይቆረጥም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ከዛፉ ሥር መቆፈር ደግሞ ከመቁረጥ የባሰ ነገር ያስጠረጥራል። ንጋት ላይ መቆፈሪያ ይዞ ደን ውስጥ ያጎነበሰ ሰው በኛ አገር ስሙ አንድ ነው፤ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። የማን ቤት ሊፈርስ ነው፣ ማን ሊታመም ነው፣ የማን ልጅ በፈተና ሊያልፍ ነው የሚለው ወሬ ሰውየው ቤቱ ሳይደርስ ቀድሞት ይደርሳል። አበባ ለማየት ነው ብሎ ማስረዳት ወሬውን ያባብሰዋል፤ እውነተኛ ሥር ማሽም ቢሆን ሲጠየቅ እንዲያ ነው የሚለው።

ዲማ ደግሞ ሰው መሰየም ታውቅበታለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የጎጃም አድባራት አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያቆሙት እዚሁ ነው። ሌላው የማይጠይቀውን የጠየቀ አንድ የተማረ ሰው «ጉዱ ካሣ» ተብሎ የቀረውም በዚህችው መንደር ነው። እኔ እንደ እሱ የአገሩን ሥርዓት አልነቀፍሁም። ያልሁት «ከብሳናው ሥር ያለውን ቅጠል አትጥረጉ» ብቻ ነው። ለዲማ ግን ሁለቱ ነገሮች የሚመስለውን ያህል አይራራቁም።

ፈቃድ ልጠይቅ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄድሁ።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«አበባ ነበር አባ። ከጽዱ ጀርባ ያለው።»

«ለምን በሽታ?»

«ለበሽታ አይደለም አባ፤ ለማየት።»

ጥቂት ዝም አሉ። ለቁርጥማት ነው ብላቸው ኖሮ የተሻለውን ቦታ ራሳቸው እየመሩ ያሳዩኝ ነበር። ለማየት የሚባለው ግን በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

«ለማየትማ» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚሁ መጥተህ አታየውም? ኪዳን ታደርሳለህ፣ ስትወጣ ታየዋለህ።»

ይህን ንግግር የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች በትልቅ ሰሌዳ ጽፈው ቢሰቅሉት አልቃወምም። ከደን አበባ ነቅሎ ጓሮ መትከል ደኑን ማራቆት ነው፤ ግማሹም በመንገድ ይሞታል። አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ለጓሯቸው ብለው ከጫካ ሥር ሲነቅሉ ኖረው ዛሬ በሕግ የተከለከለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ቄሰ ገበዙ ሕጉን ሳያነቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ተስፋ ሳልቆርጥ «ዘሩ ወድቆ ከሆነስ አባ?» አልኋቸው። «የወደቀማ ለወፍም ነው፤ ልቀም» ብለው ባረኩኝ። ስለዚህ ጓሮዬ ውስጥ ያለው ጠምበለል ከወፍ ጋር በመሻማት የተገኘ ነው።

እንሶስላን ለማግኘት ግን ቄሰ ገበዝ አያስፈልግም፤ እማሆይን ማወቅ ይበቃል።

እማሆይ ከአጥሬ ማዶ ያሉ መነኩሲት ናቸው። ቆብ ሳይጭኑ በፊት ልጆች ድረዋል፣ ሚዜ አስጊጠዋል፣ አራስ አርሰዋል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ እንሶስላ አልተለየቻቸውም። ለማያውቃት ላስተዋውቅ። እንሶስላ በተፈጥሮዋ የጫካ ልጅ ናት፤ የወንዝ ዳርና የዛፍ ጥላ ትወዳለች። በጋውን ሙሉ ከመሬት በላይ የለችም፤ ከታች ድንች የሚያክል ሥር ሆና ትተኛለች። ዝናብ ሲጀምር ትነሣለች። ግንዷ ውኃ የሞላበት፣ ቢጫኑት ቀጭ የሚል ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከተመቻት ከሰው ቁመት በላይ ትሄዳለች። አበባዋ ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ተረጭቶበታል፤ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ አለው። ሲመሽ ሽታዋ ይወጣል፤ የምትጠብቀው የሌሊት እንግዳ ስላላት ነው፣ የእሳት ራትን። ፍሬዋ ሲበስል ደግሞ በጣት ጫፍ ቢነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል። የሰፈሩ ልጆች ይህን ያወቁ ዕለት የዘር ለቀማው ተስፋዬ አበቃ።

ሴቶቹ የሚፈልጉት ግን ይህን ሁሉ አይደለም፤ ሥሯን ነው። ሥሩ ይቆፈራል፣ ይታጠባል፣ ይወቀጣል፤ በእጅና በእግር ላይ ተለብጦ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ያድራል። ጠዋት ሲፈታ መዳፉና ተረከዙ ቀልቷል፤ ሲደጋገም ወደ ጥቁር ይጠጋል። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለዓመት በዓል ነው። ተረከዝ መሰንጠቅን ያድናል፣ በጣቶች መካከል ያለውን ማሳከክ ያጠፋል የሚሉም አሉ። ሥሩ ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፈው በሴቶች እጅ ነው፤ አንዷ ልትጠይቅ ስትመጣ ቁራጭ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች። የአትክልት መጽሔት፣ የዘር መደብር፣ የባለሙያ ምክር ሳይኖር አንድ የጫካ አበባ በየጓሮው የገባችው በዚህ መንገድ ነው። አበባ ሆና አልገባችም፤ በሠራተኛነት ገባች።

እማሆይ ቁራጩን ሲሰጡኝ «ለማን ልትለብጥ ነው?» አሉኝ።

«ለማንም አይደለም እማሆይ፤ አበባዋን ወድጄ ነው።»

«አበባ አላት እንዴ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ዕድሜ ልካቸውን በጓሯቸው አብቅለዋታል። አሰብ አሰብ አደረጉና «አዎን፣ አላት ለካ» አሉ፤ «ነጭ ነገር ነው። ክረምት ላይ ማን ወጥቶ ያያል ብለህ ነው? እኛ እሷን የምንፈልጋት ከደረቀች በኋላ ነው።» ፍትሐዊ መልስ ነው። እኔም በበኩሌ ሥሯን አላየኋትም ነበር።

አበባዋን ያዩት ሌሎች ናቸው፤ ዋጋም ከፍለውበታል። ካርቲን ዲዮንና ፕቲ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዊ ሐኪሞች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግድም ወደ አገራችን መጥተው ዕፅዋት እየለቀሙ ያደርቁ ነበር። አንዱን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው። ሌላውን በ1843 እ.ኤ.አ. አባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ፓሪስ ተቀምጦ የነበረው አሺል ሪሻር እነሱ ከላኩት ደረቅ ቅጠል ተነሥቶ ከ1847 ጀምሮ ስለ አቢሲኒያ ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ እንሶስላም በሳይንስ የምትጠራበትን የላቲን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ስሙም ለማቅለሚያነቷ የተሰጠ ነው። ፈረንሳዩም ቢሆን መጀመሪያ የጠየቀው ያው የጎረቤቴን ጥያቄ ነበር ማለት ነው። አባይ ከዲማ ሩቅ አይደለም፤ አበባ ፍለጋ በአዞ ከመወሰድ «ጉድ» መባል እንደሚሻል ባለቤቴን ለማሳመን ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ዛሬ እንሶስላ እንግሊዝ አገር በሰዎች ጓሮ አለች። ከእነሱ አገር ብርድ እንዲያስጥላት ክረምታቸው ሲመጣ ሥሯ ላይ ቅጠልና ገለባ ይቆልሉባታል። የሚያበቅሏት ለአበባዋ ብቻ ነው፤ እግሩን በእንሶስላ ያቀላ እንግሊዛዊ ስለመኖሩ አልሰማሁም። አዲስ አበባ ደግሞ በየበረንዳው፣ በየቡና ቤቱ ደጅ፣ ቀይና ሮዝ እያበበ የሚታየው ድንክ አበባ የእንሶስላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ካለው ጫካ ወጥቶ፣ አውሮፓና አሜሪካ ዞሮ፣ ተዳቅሎና ድንክ ሆኖ በፓኬት የተመለሰ። ሰው የዚያን ዘር በገንዘብ ይገዛል፤ እቤቱ ያለችውን እኅቱን አበባ እንዳላት አያውቅም። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ይኖራሉ። ሌላም ልጨምር፦ በየሆቴሉ አዳራሽ ለሰርግ የሚደረደረው፣ ነጭ ጥሩንባ የሚመስለው አበባ በላቲን ስሙ «ኢትዮጵያዊ» ይባላል፤ የተወለደው ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የድሮ አውሮፓውያን ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር በዚያ የወረሰው ዜግነት ነው። የእኛዋ ግን ዜግነቷን ማንም ሳይጠይቃት እማሆይ አጥር ሥር ትኖራለች።

አሁን ወደ አፈሩ ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የኛ አገር መሬት ዋልካ ነው። ለጤፍ የተባረከ ነው፤ የብቸናንና የአካባቢውን ጤፍ የበላ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ግን ውኃ ይዞ አይለቅም፣ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሳንቲም ቢወድቅ አይገኝም። የጫካ አበባ ከሁለቱም ጋር አይስማማም። በደን ውስጥ የለመደችው ከላይ ልል፣ ከውስጥ ርጥብ የሆነ፣ ሲዘንብ ውኃ የሚያሳልፍ ሲደርቅ ጥቂት የሚያስቀር አፈር ነው። ያን አፈር የሚሠራው ደግሞ የወደቀ ቅጠል ብቻ ነው። ለዚህ እንደ ብሳና ያለ አይገኝም፤ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይጥላል፣ የጣለውም ቶሎ ይበሰብሳል። እኔ የሠራሁት መሬቱን በመደብ ከፍ አድርጌ ከብሳናው ሥር ቅጠሉን መተው ነው። ይህ በጽሑፍ ቀላል ነው። መተው የሚባለው ግን ዲማ ውስጥ ከሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው።

ምክንያቱም ደጅ ይጠረጋል። ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ድምፅ ዶሮ ከሆነ ሁለተኛው መጥረጊያ ነው። ያልተጠረገ ደጅ የሰነፍ ቤት ነው፣ ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው፣ ወይም ቤተሰቡ አገር ጥሎ ሄዷል። ጎረቤት ስለ አንድ ሙሽራ ሙያ ሲጠየቅ ስለ ወጧ ከመናገሩ በፊት ስለ ደጇ ይናገራል። ባለቤቴ ይህን ተምራ ያደገች ሰው ናት፤ ከብሳናው ሥር የተኛውን ቅጠል ባየች ቁጥር እጇ ይበላታል። በመሀላችን የሰላም ስምምነት አለ። ከዋንዛው ወዲህ የሷ ነው፤ ይጠረጋል። ከዋንዛው ወዲያ የኔ ነው፤ አይነካም። ድንበሩ ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ አልፎ አልፎ ሌሊት ወደ ብሳናው የሚጠጋ ይመስለኛል፤ ማስረጃ ግን የለኝም።

ስምምነቱ እንግዳን አያስርም። አማቴ ከገጠር ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ እኛ ገና ሳንነሣ ተነሥተው ዙሪያውን አዩ። «ምነው ልጄ፣ ታማችሁ ነበር እንዴ?» አሉ ለባለቤቴ፤ መልስ ሳይጠብቁም መጥረጊያ አነሡ። ስነሣ ከብሳናው ሥር መስታወት የመሰለ ባዶ አፈር ቆየኝ። የከረመው ቅጠል፣ ከሥሩ የተደበቀው ዘር፣ ጠምበለሉ ያወጣት ለጋ ቡቃያ ሁሉ በአንድ ክምር ተሰብስቦ ይጨሳል። አማቴ መጥረጊያውን ተደግፈው ምርቃት ይጠብቃሉ። መረቅኋቸው። ሌላ ምን ይደረጋል? ያደረጉት ፍቅር ነው፤ ያውም በወገባቸው።

ከዚያ ወዲህ ኪዳን ለማድረስ በሄድሁ ቁጥር አንድ ነገር አያለሁ። ቤተ ክርስቲያኑም ይጠረጋል። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ደጀ ሰላሙ፣ ሕዝቡ የሚቆምበት ዙሪያው ሁሉ ይጠረጋል፤ ተማሪዎቹ ናቸው የሚጠርጉት። ጠርገው ጠርገው የሚያቆሙበት መሥመር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደኑ ነው። አበባዎቹ የሚጀምሩት ልክ ከዚያ መሥመር ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ ወደ ውስጥ አይገቡም። አበቦቹ የተሸሸጉት ከሰው አይደለም፣ ከመጥረጊያ ነው። የደን ምሁራኑ ደኑን ከከብት ለማዳን የድንጋይ አጥር ይሠራበት ይላሉ፤ ዓለማየሁ ዋሴም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በዚሁ ሥራ ብዙ ደክሟል። አጥሩ ለከብት ነው። ለአማት የሚሆን አጥር ገና አልተጠናም።

ከብት ካልሁ ስለ ፍየልና ስለ ዶሮ ባጭሩ ልበል። ፍየል ትበላለች። ዶሮ ትጭራለች። የበላ አፍ እንዳይመለስ አጥሩን ኮሾሽላ አደረግሁት፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይበቅል፣ ቅጠሉ እሾህ፣ አበባው እሳት የሚመስል ቀይ ነው። ወፎች ማር ሊመጡ ሲንጠለጠሉበት ይውላሉ። ጎረቤቶቼም ወደዱት፤ እሾህ ስላለው ሥራው ግልጽ ነው። ቀጋውም በዚሁ ተፈቀደለት። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በራሱ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ መሆኑን ብናገርም ማንም ግድ አልነበረውም፤ ልጆች ፍሬውን ስለሚለቅሙ ግን ምስጋና አገኘ። ጠምበለሉን «ማኅበር ሲመጣ ቤቱን ያውዳል» ብዬ አሳለፍሁት። ለእያንዳንዱ እንዲህ ሥራ እየፈለግሁ፣ የቅጥር ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው ያስገባኋቸው።

የጅብ ሽንኩርት ብቻ አስቸገረኝ። በጋው ሲያልቅ፣ ገና የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ቅጠል ሳያወጣ ባዶ መሬት ሰንጥቆ በአንድ ዘንግ ላይ ቀይ ኳስ ያወጣል፤ በአንዱ ኳስ ላይ ደቃቅ አበባዎች በመቶ ይቆጠራሉ። እስካሁን ካየኋቸው የአገራችን አበቦች ሁሉ ደፋሩ እሱ ነው። ሥሩ መርዝ ነው፤ ፍየልም አይነካው፣ ሰውም አይበላው፣ ለጉዝጓዝም አይሆን። «ምን ያደርጋል?» ተባልሁ። መልስ የለኝም። ያዳነው ስሙ ነው። ጅብ ያለበትን ነገር በእጁ የሚነቅል ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልተገኘም።

ከዚህም የባሰ ምኞት ያላቸው አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከጮቄ ጅባራ አምጥቶ ደጁ ተከለ። ጅባራ ሌሊት ሌሊት አመዳይ የሚወርድበት የጮቄ አናት ያስለመደው፣ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ብቻ እየደራረበ ቆይቶ አንድ ጊዜ ሰማይ ጠቀስ ዘንግ አብቦ የሚሞት ፍጥረት ነው። ባልደረባዬ ትዕግሥቱን በዝግጅት ይዞ ነበር፤ አመዳዩን ግን ከየት ያምጣ? የዲማ ሙቀት ሳያብብ ገደለው። አሁን ባዶውን ቦታ «የጅባራው ቦታ» እያለ ለእንግዳ ያሳያል፤ እንግዳም አይቶ ያደንቃል።

እንሶስላ ግን ቆየች። አማቴ ከጠረጉት በኋላም ሥሯ ከታች ስለነበረ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሳ መጣች፤ ብሳናውም ያጣውን ቅጠል ቀስ በቀስ ተካ። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ምሽት፣ በር ላይ ቆሜ ሽታዋን እስብ ነበር። እማሆይም አንድ ማታ ጥምጣማቸውን አጥብቀው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በዚያ ጭቃ አጥሩን ዞረው መጡ። አበባዋን ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩአት። «ጉሮሮዋ ላይ ቀለም አላት» አሉ፤ «ሥሯ ላይ ያለው ቀለም ለካ ከዚህ ነው የሚወርደው።» ሳይንሱ እንዲህ አይልም፤ እኔ ግን አልተከራከርኋቸውም።

ጥር ገባ። ከታችኛው ሰፈር የምትዳር ልጅ ነበረች፤ የሙሽራዋ እናት ከነዘመዶቿ በማለዳ መጣች። እማሆይ መርተዋቸው ነው። ከመሬት በላይ የደረቀ አገዳ ካልሆነ ምንም አይታይም፤ እነሱ ግን በቀጥታ ሄደው ቆሙበት። ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ አደረጉና መቆፈር ጀመሩ። ከዋልካው የሚወጣ የመሰለኝ ሥር ከጥቁር ልል አፈር ሲወጣ ሁለት እጅ የሚሞላ ሆነ። ሴቶቹ ተያዩ።

«ኸረ መምህር፣ ምን ብታበላት ነው?» አለች የሙሽራዋ እናት።

ቅጠሉን አሳየኋት። አላመነችም። እማሆይ ግን በዱላቸው ክምሩን እየነካኩ «እሱ ነው» አሉ፤ «እኔ በጠረግሁት ጓሮዬ ያለችው የጣት ያህል ናት። ይኼ ሰውዬ ሲሰንፍ ጊዜ ሰባችለት።»

ሥሩን በሰፌድ ሞልተው፣ ጉጥ ጉጡን መልሰው ቀብረውልኝ፣ «ሰኔ ላይ ትመጣለች» ብለው እልል እያሉ ሄዱ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች፤ ምንም አላለችም፤ ድንጋዩን ግን ወደ ቦታው ስትመልሰው አይቻታለሁ።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ የሙሽራዋ እናት ተመልሳ መጣች። ማመስገን መስሎኝ ወንበር አወጣሁ። አልተቀመጠችም፤ በብብቷ ሁለት ባዶ ጆንያ ይዛለች፤ ዐይኗ ከብሳናው ሥር ነው።

«ትንሽ ብቻ ነው መምህር» አለች፣ ወደ ቅጠሉ እየተራመደች፤ «ለታናሿ ሰርግ እንሶስላ ልተክል ነው።»